የስልኳ ሴትዮ እና የዳኛዋ ኩላሊት

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር የተሰጠኝ ሽንት እንድጽፍበት ነው። በግራ ቀን፣ መሐል ላይ ክብደት፣ በቀኝ ሽንት በሚሊ ሊትር። የሕፃናት ክፍል ነርሷ መስመሩን በገዛ እጇ አስምራ ሰጠችኝ። ከኋላ በኩል ግን ብዙ ባዶ ወረቀት አለ። እሷ ይሄን አላሰበችበትም። ስለዚህ ከፊት ሽንት፣ ከኋላ እኔ።

ዛሬ ሱቄን፣ ፀጉር ቤቱን፣ ከፈትኩ። ከሃያ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ስድስት ራስ፣ ሁለት ጢም። አንዱ መላጣውን እንድደብቅለት ጠየቀኝ። በምን ልደብቀው? በባርኔጣ ካልሆነ… እንዲያ አልኩት፤ ተቀየመኝ።

ደንበኛ ሁሉ "ልጅቷስ?" ይላል። ደህና ናት እላለሁ። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር አንዳንድ ነገር እየዘለልኩ ስለማወራው ለራሴ እንኳ በትክክል ልጻፈው።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ "ዳኛዋ" ነው የምንላት፤ ሐኪም ቤትም ለምደውታል። እኔና እናቷ በተጨቃጨቅን ቁጥር መሐል ገብታ ትፈርዳለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረደው በእኔ ላይ ነው። ባለፈው ወር ተቅማጥና ትውከት ያዛት። ሁለት ቀን "ይለቃታል" አልን። በሦስተኛው ቀን ሽንቷ ቆመ፤ አላስተዋልንም። ማን የልጁን ሽንት ይቆጥራል? ፊቷ ማበጥ ሲጀምር "እሰይ፣ ወፈር አለች" ያልኩት እኔ ነኝ። ይሄንን ለማንም አልተናገርኩም።

ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው ነበር፤ ሁለቱም፣ ባንድ ጊዜ። ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይባላል አሉን። አራት ጊዜ ደሟን በማሽን አጠቡላት። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሸናች። ግማሽ ብርጭቆ አይሞላም። ባለቤቴ ነርሷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ እጅ መታጠብ ነበር። አራት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን ቤት ናት። ሦስት ወር ክትትል አለባት። በየቀኑ በስልኬ የድምፅ መልእክት ይመጣል፤ ትምህርት ነው። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ቁጥር እልካለሁ። አንድ ማለት በደንብ ሸንታለች። ሁለት፣ ቀንሷል። ሦስት፣ የለም።

የዛሬው እንዲህ ይላል፦ "ውድ ወላጅ፣ የልጅዎን የሽንት መጠን በየዕለቱ በመለካት ለሚመለከተው የጤና ባለሙያ እንዲያሳውቁ በአክብሮት እናሳስባለን።"

ውድ ወላጅ… ሚስቴ እንኳ ውድ ብላኝ አታውቅም።

አንድ ላክሁ።

ጥር 7

ክብደት 19 ኪሎ ከ400 ግራም። ሽንት 710። በሽንት የምኩራራ ሰው ሆንኩ።

ጥር 11፣ እሑድ

መለኪያው መስመር ያለበት የፕላስቲክ ጆግ ነው። ዛሬ ሳላንኳኳ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

"ውጣና አንኳኳ" አለችኝ።

"ቤቱ የማን ሆነና ነው?"

"ቤቱ ያንተ ነው። ሽንቱ የኔ ነው።"

ወጥቼ አንኳኳሁ። ምን ይባላል?

ከዚያ ደግሞ ሌላ ፍርድ አመጣች። እሷ ብቻ ለምን ትለካለች? ሁላችንም መለካት አለብን። እናቷ "እኔን ተዉኝ" ብላ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ተለካሁ። ዳኛዋ መስመሩን አይታ "አባዬ አሸነፈ" አለች፤ ደስ ያላት ግን አይመስልም። ከምሳ በኋላ ልትበልጠኝ ውሃ ስትጠጣ ያዝኳት። ለካ የምትጠጣውም ልክ አለው፤ ዶክተሩ በብርጭቆ ቆጥሮ ነው የሰጠን። ውድድሩ ተሰረዘ።

ጥር 15

በስልክ የምታስተምረዋን "የስልኳ ሴትዮ" ብያታለሁ። ድምጿ ቃለ ጉባኤ የምታነብ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን እንኳ ትንፋሽ ስትወስድ አልሰማኋትም።

መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ "አስተያየት ካለዎት ከምልክቱ በኋላ ድምፅዎን ይተዉ" ትላለች። እተዋለሁ። ማን ሊሰማው? ማሽን ነው። መልእክቱ አሥር ሰዓት ላይ ስለሚመጣ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ አይጠፋም። ዛሬ ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው፤ ምልክቱ ሲጮህ ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ፣ "ሴትዮ፣ ለመሆኑ አንቺ የራስሽን ሽንት ለክተሽ ታውቂያለሽ?" አልኩ። ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ ከት ብሎ ሲስቅ ጆሮውን ልቆርጠው ነበር።

አሁንማ አሥር ሰዓትን ጠብቀው የሚመጡ አሉ።

ጥር 19

ዛሬ ስለ መድኃኒት ነው። "ውድ ወላጅ፣ በባለሙያ ያልታዘዙ ፀረ-ብግነት መድኃኒቶችን…"

ፀረ ምን? ብግነት ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጢሙን የማስተካክለው አስተማሪ "ከመበገን የመጣ መሰለኝ" አለ።

"እንዲያ ከሆነ የሚያስፈልገው ለአማቴ ነው" አልኩ።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ገና እያወራች ነበር። አጠፋኋት። እስከ መጨረሻው አልሰማሁም።

(አማቴ ከባድ ሴት ናቸው። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ዳኛዋን የሚጠብቁልን እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከመኪናዋ አትነሳም። አማቴ በሁለት ነገር ይበግናሉ፤ በጉልበታቸውና በእኔ።)

ጥር 22

አንድ። አንድ። አንድ። ሰሞኑን ሁሉ ያው ነው። ትናንትና ከትናንት በስቲያ ሳልለካ ነው አንድ የላክሁት። ልጅቷ ትሮጣለች፣ ትበላለች፣ ትፈርዳለች። ሌላ ምን ምልክት ይፈለጋል?

ጥር 28፣ ረቡዕ

ሐኪም ቤት ነኝ። ደብተሩን ይዤ መጥቻለሁ። ካልጻፍኩ ከሰው ልጣላ ነው።

ትናንት ትኩሳት ነበራት። ትንሽ ነው፣ ጉንፋን ነው አልን። ዛሬ ለምሳ ቤት ስመጣ ተኝታለች። አማቴ አጠገቧ ቁጭ ብለዋል።

"አሁን ተረጋጋች። ኪኒን ሰጠኋት" አሉኝ።

"የምን ኪኒን፣ እማማ?"

"የጉልበቴን። ኧረ ሩቡን ነው። ትናንት ቀን ሩብ፣ ማታ ሩብ፣ ዛሬ ጠዋት ሩብ። ለኔ እኮ እንኳን ትኩሳት፣ እብጠቱንም ድራሹን ነው የሚያጠፋው።"

ፓኮውን አሳዩኝ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው በእስክሪብቶ ጽፎበታል፦ "ፀረ-ብግነት፣ ከምግብ በኋላ።"

ያን ቃል የት እንደሰማሁት ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሱቄ ውስጥ ነው። እየሳቅሁ።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ጆጉ ደረቅ ነው። ጠዋት ትንሽ ጠብ አድርጋ ነበር አሉ፣ ከዚያ ወዲህ የለም። ስልኬን አወጣሁ። ሦስት መላክ ነበረብኝ። ጣቴ እምቢ አለ… ሁለት ላክሁ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ተደወለ። ማሽን አይደለም፤ ሰው ነው። ሴት ናት።

"የዳኛዋ አባት? ማታ ነበር የሚልኩት፤ ዛሬ በምሳ ሰዓት ሁለት ላኩ። እውነት ሁለት ነው?"

ጆጉን ዞሬ አየሁት።

"ሦስት ነው" አልኩ።

"ምን ወሰደች?"

ነገርኳት።

"አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ። ውሃ እያጠጣን እንይ እንዳትሉ። ፓኮውንም ይዘው ይምጡ።"

አማቴ መታጠፍ የማይችለውን ጉልበታቸውን ይዘው ከእኔ ቀድመው ደረጃውን ወረዱ።

ጥር 29

የደሟ ውጤት ከፍ ብሏል። ፊቷ እንደገና አብጧል። አሁን ግን ወፈረች የሚል ሰው የለም።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ኩላሊቷ ገና ቁስል ነው። ቁስል ላይ ነው የረገጣችሁት። እስከ ነገ እንጠብቃለን፤ ካልሸናች ወደ ማሽኑ እንመለሳለን" አለ።

ባለቤቴ ኮሪደር ላይ፦

"ስለዚህ መድኃኒት መልእክት አልመጣልህም ነበር?"

"መጥቶልኛል።"

"እና?"

ምን ልበላት? ደንበኛ አስቄበታለሁ ልበላት? እሷም ሌላ አልጠየቀችኝም። ወንበር እያለ ቆማ ዋለች።

ጥር 30

ከጠዋቱ አራት ሰዓት። 90 ሚሊ።

ዳኛዋ አልጋው ላይ ሆና "ስንት ነው?" አለችኝ። ዘጠና አልኳት። "ትንሽ ነው" አለች። ትንሽ አይደለም። ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

የካቲት 2

ማሽን አላስፈለጋትም። ዛሬ 480። ውጤቷም እየወረደ ነው።

ነርሷ፣ ደብተሩን ያሰመረችልኝ ሲስተር፣ ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ። ቢሮ ነው የተባለው፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የተሰበረ ሚዛን። ዱላ ጠብቄ ገባሁ።

"መልእክቶቹን ይሰሙ ነበር?" አለችኝ።

"እሰማ ነበር።"

"እስከ መጨረሻው?"

"…አይደለም።"

"እኔ ግን የእርስዎን እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሲገባኝ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ላብ አጠመቀኝ። ከምልክቱ በኋላ የተውኩት ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ይሰማል። እሷ ነች የምትሰማው። መልእክቱን የምታነበውም እሷው ነች። የስልኳ ሴትዮ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

"ሽንትሽን ለክተሽ ታውቂያለሽ ያሉት እርስዎ ነዎት?"

"ሲስተር፣ ይቅርታ…"

"የጠዋት ስብሰባ ላይ አሰምተነዋል። ዶክተሩ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። መልሱን ይፈልጋሉ?"

"ኧረ አልፈልግም።"

"ሺህ ሁለት መቶ" አለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እንዲህ ቀልድ የምትችል ሴት በስልክ ሬሳ የምትሆነው ለምንድን ነው?

ጠየቅኋት። ጽሑፉን ያዘጋጀው ዘጠኝ ሰው ያለበት ኮሚቴ ነው፤ የሷ ድምፅ ብቻ ነው። አርባ ሁለት ወላጅ ተመዝግቧል፤ በየቀኑ ቁጥር የሚልኩት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። የቀሩት አይሰሙም፣ ወይም እንደ እኔ ሳይለኩ ይልካሉ። ይሄንንም ታውቃለች። ደብተሬን ከፊት በኩል ገልጣ ባዶዎቹን ቀናት በጣቷ አሳየችኝ።

"ያንን የመድኃኒቱን ነገር፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይሉት ነበር?"

ሳላስብ መለስኩ። "ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለጥርስ የሚወሰድ ኪኒን ለልጁ አትስጠው። ሩብም አትስጠው። ቅራፊውንም አትስጠው። ካተኮሰው መጀመሪያ ለኛ ደውል። ይሄን ደግሞ አንተ መስማትህ በቂ አይደለም፤ ቤት ለሚውለው ሰው ንገረው።"

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እስቲ ይድገሙት" አለች።

የካቲት 5

ቤት ገባን። አማቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሱም። ሳሎን ጥግ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለውኝ አያውቁም፤ ዝም ሲሉኝ ደግሞ አልቻልኩትም።

"እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ነግረውኝ ነበር፤ አልነገርኩዎትም" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ያንተ እንደሆነ" አሉ።

እሰይ። ተመለሱ።

የካቲት 12

ቀረጻ። የሐኪም ቤቱ የብርድ ልብስ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ድምፅ አያስተጋባም አሉ። ብርድ ልብስ ክምር መሐል ተወሽቄ ስለ ሽንት አወራሁ። ዶክተሩ ወረቀት ይዞ ፊቴ ቆሟል። ካመጣኋቸው ስምንት ቀልዶች ሦስቱን ሰረዘ። አንዱ ስለሱ ነበር። ሕክምናውን በሚመለከት ግን አንዲት ቃል አያሳልፈኝም፤ "ውሃ ስጡ" ስል "ሁሉም ልጅ እኩል ውሃ አይጠጣም፤ የታዘዘለትን ልክ በል" ብሎ አስደገመኝ። ሰባት ጊዜ። ሰውዬው ትዕግሥቱ የሚገርም ነው።

የካቲት 20

አማቴ "እኔም ልናገር" ብለው ቀረቡ። ይቀልዳሉ ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ብርድ ልብሶቹ መሐል ተቀመጡና ያለ ወረቀት እንዲህ አሉ፦

"አያቶች፣ ስሙኝ። ሩብ ኪኒን ናት፣ ምን ታደርጋለች ብዬ የልጅ ልጄን ላጣት ነበር። አዋቂ ነኝ ብዬ ነው። ለእናንተ የታዘዘው ለእናንተ ነው። በቃኝ።"

ዶክተሩ ምንም አልሰረዘም።

መጋቢት 5

ቁጥር የሚልኩት ሠላሳ ስድስት ደርሰዋል። ሲስተር አስተያየቶቹን ታሰማኛለች፤ ደስ እያላት። አንዱ አባት "ይሄ ለፍላፊ ደግሞ ከየት መጣ" ብሏል። አንዲት እናት ድምፄ እንደ ወንፊት ነው ብላለች። ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩ ነው። አማቴን ግን የሰደበ የለም። "እማማ እግዜር ይስጥልን" ይሏቸዋል። እሳቸውም "ጎረቤት ሁሉ ሰምቶኛል" እያሉ ቀን በቀን ይነግሩኛል።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

የሦስት ወር ምርመራ። ደም፣ ሽንት፣ የደም ግፊት። ዶክተሩ ውጤቱን ሁለቴ አነበበ፤ እኛ ሁለት ጊዜ ሞትን።

"ኩላሊቷ ተመልሷል" አለ። "ግን እንዳትጠፉ። በየስድስት ወሩ አያታለሁ። የደም ግፊቷን አንረሳም።"

ዳኛዋ "መለካቱስ?" አለች። አበቃ አላት። ወደኔ ዞራ "ከዛሬ ጀምሮ እንዳታንኳኳ። ጭራሽ እንዳትመጣ" አለችኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ እጄን ያዘችኝ። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ



አሥር ሰዓት ላይ አንድ አዲስ ደንበኛ ወንበሬ ላይ ነበር። ወፍራም፣ ጸጥተኛ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ አለ። ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ ስላለኝ ከቀኝ በኩል ጀምሬ ግማሹን ጨርሻለሁ። ስልኩ ጮኸ። ከፈተው። እኔው ነኝ፤ የራሴ ድምፅ ሱቄን ሞላው።

"ይሄ ሰውዬ ደህና ቀልደኛ ነው" አለኝ ሰውዬው።

እኔ ነኝ ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሌላ ነገር ወጣኝ።

"ልጅዎ ዛሬ ሸንቷል?"

"ሴት ናት። ሦስት ዓመቷ ነው። ዛሬ እንኳ… እናትየው ከትናንት ማታ ጀምሮ አልሸናችም አለችኝ። ነገ ቀጠሮ አለን። ሐኪም ፊት ሰው መስዬ ልቅረብ ብዬ ነው የመጣሁት።"

የፀጉር ማሽኑን አጠፋሁ።

"ይነሱ" አልኩት።

"ግማሹ ቀረ እኮ።"

"ይቅር። ቀጠሮው ነገ አይደለም፤ አሁን ነው። ልጅቷን ይዘው ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ እኔ እደውልላቸዋለሁ።"

በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ድምፄን ያን ጊዜ ነው የለየው መሰለኝ። ጨርቁን ከአንገቱ ሳይፈታ ሮጠ። ግማሽ ራሱ የተላጨ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ አየ። የሚስቅ ነበር። ተራ የሚጠብቀው ደንበኛም ሳቀ። እኔ ለሲስተር እየደወልኩ ነበር።

ሚያዝያ 9

ሲስተርን ጠየቅኋት። የሰው ልጅ ጉዳይ አይነገርም አለችኝ። ልክ ናት። "በሰዓቱ ደርሰዋል" አለችና ዘጋች።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ሹፌሩ መጣ። ባርኔጣ አድርጓል። ሲያወልቀው ግራው እንደነበረ ነው፣ ቀኙ ላይ ደግሞ ጥቁር ጥቁር ብቅ ብሏል። ጨርቄን አጥቦ፣ አጣጥፎ አምጥቷል።

ተቀመጠ።

"አምስት ቀን ሙሉ እዚያው ነን" አለ። "ሁለቴ በማሽን አጠቧት። ነገ ብትመጡ ኖሮ ብለው… አልጨረሱልኝም። ዛሬ ጠዋት ሸናች።"

"ስንት?"

"መቶ ሃያ።"

"ብዙ ነው" አልኩት። "በጣም ብዙ ነው።"

የመጡልኝ ቀልዶች ነበሩ። ስለ ራሱ ብቻ ቢያንስ አራት። አንዱንም አላወጣሁትም። ግራውን ላጨሁ፣ ቀኙን እንደ አዲስ ደገምኩ። ፊቱን ለማለስለስ ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ አለበስኩት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፎጣውን ማንሳት ነበረብኝ፤ አላነሳሁትም። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ተራ የሚጠብቀው ደንበኛ "ሰውዬው ምን ሆነ?" አለኝ።

"ሳሙና ገብቶበት ነው" አልኩ፤ ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁለት።